ባሕር ዳር ላይ ባዶ ቤት ለተከራየ ከውጭ ተመላሽ፦ ምኑ ይቅደም፣ ምኑ ይዘግይ

ከብዙ ዓመት በኋላ ከውጭ ተመልሶ ባሕር ዳር ቤት የሚከራይ ሰው ግዢውን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሶፋና ከቴሌቪዥን ነው። ሶፋው በበሩ አልገባ ይላል፤ ቴሌቪዥኑን የመብራት መዋዠቅ ይመታዋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ፊቱን የሚታጠብበት ውሃ አጥቶ ከጎረቤት ጀሪካን ይለምናል። ገንዘብ አንሶት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦበት ነው። በኖሩበት አገር ውሃና መብራት ከቤቱ ጋር አብረው የሚመጡ ነበሩ፤ እዚህ ግን ራስዎ ገዝተው የሚያዘጋጁዋቸው ናቸው። ስለዚህ የሚከተለውን በተጻፈበት ቅደም ተከተል ይሥሩ። ዋጋ አልጠቀስኩም፤ የሳምንት ዕድሜ እንኳ ስለሌለው ጠዋት ጎረቤት ጠይቀው ይውጡ።

ከመሳፈርዎ በፊት

ሻንጣዎን በኤሌክትሪክ ዕቃ አይሙሉ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ የመጣ ባለ 110 ወይም ባለ 120 ቮልት ዕቃ እዚህ እንደተሰካ ይቃጠላል። የዕቃውን ጀርባ ገልብጠው ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል የሚል ከሆነ የሶኬት አስማሚ ብቻ ይበቃዋል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ይሽጡት። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ነገር ግን ለካውያ፣ ለፀጉር ማድረቂያና ሙቀት ለሚያወጣ ነገር ሁሉ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ስለሆነ አዲስ ካውያ መግዛት ይሻላል።

ከዓረብ አገር የሚመጣ ዕቃ በቮልቱ ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያው ነው፤ እዚህ ቤቶች ውስጥ ካለው ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬት ጋር አይገጥምም። መሰኪያውን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስቀይሩ። እግሩን በግድ እየገፉ ሶኬት አያበላሹ።

ይዘው ቢመጡ የማይቆጩባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ጥሩ የማእድ ቤት ቢላዋ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ፣ አቅም ያለው ፓወር ባንክ፣ አምስት ሜትር የሚለካ ሜትር። ብርድ ልብስ አያምጡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ለማታው ቅዝቃዜ ጋቢ ይበቃል።

የገንዘቡን ነገር አስቀድመው ያስተካክሉ። የውጭ ምንዛሪ በባንክ ብቻ ይመንዝሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተመኑ በገበያ ስለሚወሰን ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ ይለያያል፤ ሁለት ሦስት ባንክ ይጠይቁ። ትልቁ የብር ኖት 200 ስለሆነ ፍሪጅ ለመግዛት ጥሬ ገንዘብ በከረጢት ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም፤ በባንክ ዝውውር ወይም በቴሌብር ይክፈሉ። ለገበያ ግን ዝርዝር ብር ይያዙ። ከገጠር ጤፍና ሽንብራ ይዛ የመጣች ሴት ለአንድ ጣሳ ሽንብራ የሁለት መቶ ብር መልስ አይኖራትም።

ደረጃ 1፦ ቤቱን ባዶውን ይፈትሹ

ቁልፍ በተቀበሉበት ቀን ሱቅ አይሂዱ። ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቤቱን ይዙሩ።

1. የእያንዳንዱን በር ስፋትና ቁመት ለክተው ይጻፉ። ፎቅ ከሆነ የደረጃውን መታጠፊያም ይለኩ። አልጋና ሶፋ የሚቀሩት በሩ ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ላይ ነው።

2. የሚሠሩ ሶኬቶችን ይቁጠሩ። የስልክ ቻርጀር ይዘው አንድ በአንድ ይሞክሩ። ቻርጀሩን ሲሰኩ ብልጭ የሚል፣ የጠቆረ ወይም የላላ ሶኬት ካለ በወረቀትዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

3. ቆጣሪው የግል ነው ወይስ የጋራ? የቅድመ ክፍያ ከሆነ ካርዱን አከራዩ በእጅዎ ያስረክብዎ፤ ቀሪ ሂሳቡንም አብራችሁ እዩ። የጋራ ከሆነ ክፍያው እንዴት እንደሚከፋፈል ዛሬውኑ ይስማሙ።

4. «የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም ይፈቀዳል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ብዙ አከራዮች ይከለክላሉ፤ ይህንንም የሚናገሩት ምጣዱ ተገዝቶ ግቢ ሲገባ ነው።

5. ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ። አከራይ «ውሃ ችግር የለም» ይላል። ጎረቤት «ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት» ይላል። የሚሠሩበት የጎረቤቱን ነው።

6. የመስኮት ወንፊት አለ? ከአልጋው በላይ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ አለ? ጣራው ሚስማር ይይዛል?

የተበላሸ ነገር ካገኙ ፎቶ አንሥተው ለአከራዩ በዕለቱ ይላኩ። ከአንድ ወር በኋላ ቢናገሩ ያበላሹት እርስዎ ይሆናሉ።

ደረጃ 2፦ የመጀመሪያው ሌሊት

ለዚህ ሌሊት የሚያስፈልገው በአንድ ባጃጅ የሚጫን ነው፤ ፍራሹ ብቻ ጋሪ ወይም ባለ ጭነት ባጃጅ ይፈልጋል።

በመጀመሪያ የበሩን ቁልፍ ያስቀይሩ። ከእርስዎ በፊት ማን እንደተከራየና ስንት መክፈቻ እንዳስቀረጸ አያውቁም።

ቀጥሎ ፍራሽ። የስፖንጅ ፍራሽ በስፋት ይሸጣል፦ 90 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር ከ20፣ 1 ሜትር ከ50፣ 1 ሜትር ከ80። ጨርቁን አይተው አይግዙ። መዳፍዎን መሐሉ ላይ አጥብቀው ይጫኑና ያንሡ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ ስፖንጁ ቀላል ነው፤ በወራት ውስጥ መሐሉ ይሰምጣል። ከዚያም ሁለት ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ፍራሾች ጫፍ ይዘው ያንሡ፤ ከበድ የሚለው ይሻላል። ወለል ላይ አንጥፈው መተኛት ለጥቂት ሳምንት ነውር የለውም። አልጋው ሳይቸኩል ይመጣል።

ከዚያ አጎበር። ይህን ለነገ አያሳድሩ። ባሕር ዳር ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ውጭ የቆየ ሰው ተጋላጭነቱ ከነባሩ ነዋሪ ይብሳል፤ እዚያ የተወለዱ ልጆች ካሉ ደግሞ ይበልጥ። መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይምረጡ፤ ለጌጥ የሚሸጠው ባለ ዳንቴል ነጭ መጋረጃ ትንኝ ቢከላከልም አይገድልም። አዲሱን አጎበር ከማሸጊያው አውጥተው ለ24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ያናፍሱት፤ አለዚያ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ጠርዙ ከፍራሹ ሥር እስኪገባ ርዝመት ይኑረው። ሲያጥቡት በረኪና አይጨምሩበት፤ ፀሐይ ላይ አያስጡት። የሚገዛ ካጡ በሰፈርዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ትኩሳት ከተሰማዎት ደግሞ «የጉዞ ድካም ነው» ብለው አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደም ይመርመሩ።

ቀሪው አጭር ነው፦ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ሳሙና፣ መጥረጊያ፣ ሻማና ክብሪት፣ የሚሞላ ፋኖስ። እራትዎን ሆቴል ይብሉ።

ደረጃ 3፦ ውሃ

ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ያህል ይቁጠሩ። አራት ሰው ከሆናችሁና ውሃ ለሦስት ቀን ቢጠፋ 480 ሊትር ነው። ይህ ቁጥር ጀሪካን መደርደር ይበቃ እንደሆነ ወይም ሮቶ የሚባለው ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ያስፈልግ እንደሆነ ይነግርዎታል። ብቻውን የሚኖር ሰው በስድስት ጀሪካን ይዘልቃል፤ ቤተሰብ ያለው ቢያንስ ባለ 500 ሊትር ሮቶ ያስቀምጥ።

ጀሪካን ሲገዙ፦

ያገለገለ ጀሪካን ከገዙ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫዎን ያስጠጉ። የዘይት ሽታ ታጥቦ ይለቃል። የኬሚካል፣ የነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ ሽታ ያለውን ርካሽ ነው ብለው አይውሰዱ፤ አይለቅም። የመጠጡን ጀሪካን በቀለም ምልክት ለይተው ለሌላ ሥራ አያውሉት።

ሮቶ ሲገዙ፦

1. መቆሚያውን ከሮቶው በፊት ያሠሩ። የሞላ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ አንድ ቶን ይመዝናል። በባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሮቶ እንጨቱ በዝናብ ሲበሰብስ ከነውሃው ይወርዳል። ብረት ወይም ኮንክሪት ይሁን።

2. የመቆሚያው ገጽ ሙሉ ይሁን። ሮቶው በሁለት ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ከተቀመጠ ወገቡ ይሰነጠቃል።

3. ጥቁር ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ይምረጡ፤ ብርሃን የሚገባበት ውስጡ አረንጓዴ ያበቅላል።

4. ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ ያስገጥሙ። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ቆመው አይጠብቁትም፤ ሲፈስ ካደረ ደግሞ ሂሳቡ የእርስዎ ነው።

5. መጀመሪያ የሞላውን ውሃ ሮቶውን አጥበውበት ይድፉት።

ሮቶው ሞልቶ ቧንቧው ግን እንደ ክር ከቀጠነ ችግሩ ከፍታ ነው፤ ሮቶው ከሻወሩ አናት ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከፍታው በቂ ሆኖ አሁንም ከቀጠነ የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈትተው አሸዋውን ያራግፉ።

የመጠጥ ውሃን ያፍሉ፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ በቂ ነው። ማፍላት ካልቻሉ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ውሃ ሲጠፋ ሐይቁ ቅርብ ነው ብለው ልብስ ይዘው ወደ ጣና አይውረዱ፤ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ እግርዎን ነክረው በቆሙበት በቆዳ በኩል ይገባል። ይህን ለልጆቹም ይንገሩ።

ደረጃ 4፦ መብራት፣ ምጣድና ሌላው እሳት

ሰው አብዝቶ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋት ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ይህ ተራ ሶኬት ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ያረጀ ሶኬት ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ምጣዱን ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አይሰኩ። ከፍሪጅ ጋር በአንድ መስመር ላይም አያድርጉት።

1. ምጣድ ከመግዛትዎ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ። ከቆጣሪው ሰሌዳ እስከ ምጣዱ ቦታ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ይዘርጋ፤ የራሱ ማቋረጫ (ብሬከር)፣ የመሬት ገመድም ይኑረው። ለዚህ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ።

2. ከዚያ ምጣዱን ይምረጡ። ሱቅ ውስጥ ሸክላውን በጣት ጥፍር መታ መታ ያድርጉ። ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ደህና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ክዳኑ ዙሪያውን መግጠሙን፣ እግሮቹም እኩል መቆማቸውን ይዩ።

3. ሱቁ ውስጥ አሰክተው መሐሉም ዳሩም እኩል መሞቁን እጅዎን ከላይ አድርገው ይፈትሹ። አንዱ ጎን ከቀዘቀዘ ሽቦው ችግር አለበት።

4. ለማጓጓዝ ሸክላው ሥር የታጠፈ ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ያስገቡ፤ ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ላይ ይያዙት እንጂ ከኋላ አይጣል።

5. ያሟሹት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሙቅ፤ እርጥበቱ ይውጣ። ከዚያ የተወቀጠ ጎመን ዘር በትነው በንጹሕ ጨርቅ ደጋግመው ይሹት። ገጹ ጠቁሮና ለስልሶ ዘይቱን መምጠጥ ሲያቆም ደርሷል። በአንድ ቀን ካልሆነ በማግሥቱ ይድገሙት።

እንጀራው ከተጣበቀ ምጣዱን አይፋቁት። ደረቅ ጨው በትነው በማሰሻው ይሹት፤ ከዚያ በጎመን ዘር እንደገና ያሟሹ። ማቋረጫው በየጊዜው ከወደቀ ትልቅ አምፔር ያለው ማቋረጫ እንዲቀየርልዎ አይጠይቁ። ማቋረጫው የሚወድቀው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው፤ ገመዱ ሳይቀየር ማቋረጫ ማሳደግ ቤቱን ማቃጠል ነው።

ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል ስታብላይዘር ይግዙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉን ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚለቅ ይሁን፤ የፍሪጅ ሞተር ወዲያው ሲነሣ ይጎዳል። መብራት በሄደ ቁጥር የምጣዱንና የካውያውን መሰኪያ ይንቀሉ።

ሁለተኛ እሳት የግድ ያስፈልግዎታል፤ በኤሌክትሪክ ብቻ የተማመነ ቤት ጾሙን ያድራል። ቡታጋዝ ጥሩ ነው፤ ሲሊንደሩን ከመግዛትዎ በፊት ግን ያን ዓይነት የሚሞላ ሱቅ ባሕር ዳር ውስጥ መኖሩንና አሁን ጋዝ እየመጣ መሆኑን ያረጋግጡ። ባዶ ሲሊንደር ይዘው ወራት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ሲያገናኙ የሳሙና አረፋ መጋጠሚያው ላይ ይቀቡ፤ አረፋው ካበጠ ጋዙ ይፈሳል፤ ክብሪት አይጫሩ፣ መብራትም አያብሩ፤ መዝጊያውን ዘግተው መስኮት ይክፈቱ።

ከሰል በማዳበሪያ ሲገዙ ታችኛውን ይዩ፤ ላይ ላዩ ትልልቅ፣ ሥሩ ትቢያ የሆነ ብዙ ነው። በክረምት የገዙትን ጣራ ሥር ያድርቁ። የተቀጣጠለ ከሰል ይዘው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይተኙ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ደረጃ 5፦ ወደ ገበያ መውጣት

ትልቁ የገበያ ቀን ቅዳሜ ነው። የገጠሩ ሰው እህሉን፣ ሸክላውን፣ ስፌቱን ይዞ የሚመጣው ያን ቀን ስለሆነ ምርጫው ሰፊ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይድረሱ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ይከብዳል፤ ጥሩ ጥሩውም ተነሥቷል። ዓባይ ማዶ ከሆኑ ድልድዩን ተሻግረው ስለሚመጡ የጭነቱን ዋጋ ቀድመው ያስቡበት።

መጀመሪያ ሳይገዙ አንድ ዙር ይዙሩ። ዋጋ ሲነገርዎ በአፍዎ ወደ ዶላር አይመንዝሩ። «ያው እኮ ሃያ ዶላር አይሞላም» የሚል ቃል ከአፍዎ ከወጣ ክርክሩ ያን ጊዜ አልቋል፤ ሻጩ ሰምቷል፤ ቀጥሎ ያለውም ሻጭ ሰምቷል። ለእናት ዕድሜ ለሆነች ሻጭ «እናቴ፣ መጨረሻውን ይንገሩኝ»፣ ለወጣቱ «ወንድሜ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» ማለት ይበቃል። ተከራክረው ከተስማሙ በኋላ ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ያስታውሱዎታል።

የሱቅ ዕቃ ሲሆን ዋጋው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የጨመረ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ደረሰኝ ሲጠይቁ ዋጋው «ከታክስ በፊት» ይሆናል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ደረሰኝና ማኅተም ያለበት የዋስትና ወረቀት ሳይዙ አይውጡ።

ጫኝና አውራጅ የራሱ ምዕራፍ ነው። ዕቃው መኪና ላይ ወጥቶ ሰፈርዎ ሲደርስ «ማውረጃ» የሚጠይቁ ወጣቶች ይጠብቃሉ፤ የሚጠሩት ዋጋ አንዳንዴ ከማጓጓዣው ይበልጣል። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት ሻጩን «ቤቴ ድረስ አስገብተህ ነው?» ብለው ይጠይቁና ሁሉን በአንድ ዋጋ ይዝጉ። ካልሆነ ጎረቤት የሚያውቃቸውን ልጆች አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ዋጋው በዕቃ ቁጥር ይሁን እንጂ «ስትጨርሱ እንተያያለን» አይሁን።

ባጃጅ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ በዕለቱ ይጠይቁ። መንገድ ሲዘጋ የዘይትና የስኳር ዋጋ በአንድ ሌሊት ይዘላል፤ የሁለት ሳምንት አስቤዛ ቤት ውስጥ ይኑርዎት። በአካባቢዎ ያለ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲያመጣ ከሱቅ ይቀንሳል።

ደረጃ 6፦ ጤፍና በርበሬ

ገና በመጡ በሳምንቱ ኩንታል ጤፍ አይግዙ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተጋገረ እንጀራ ከጎረቤት ወይም ከሱቅ ይግዙ፤ በዚያው የትኛው ጤፍ እንደሚስማማዎ ያውቃሉ። ከዚያ 25 ኪሎ ይሞክሩ። አንድ ኪሎ ዱቄት በግምት አራት ወይም አምስት እንጀራ ያወጣል፤ ቤትዎ በቀን ስንት እንጀራ እንደሚበላ ከቆጠሩ ኩንታሉ ለስንት ጊዜ እንደሚበቃ ያገኙታል።

ጊዜ ከመረጡ፣ አዲሱ ጤፍ ተወቅቶ ከሚገባበት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው የተሻለ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ይወደዳል።

1. ማኛ (ምርጡ ነጭ)፣ ነጭ፣ ሠርገኛ (ነጭና ቀይ የተቀላቀለ)፣ ቀይ የሚሉትን በየተራ ያሳዩዎት። ሠርገኛ ለዕለት እንጀራ ጥሩ ነው፤ ማኛ ስም ብቻ ሆኖ ነጭ ጤፍ በማኛ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

2. ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከሥር አስወጥተው ይዩ። ሻጩ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

3. አንድ እፍኝ መዳፍዎ ላይ ያድርጉና በሌላው እጅ ይሹት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይንፉት። መዳፍዎ ላይ የቀረውን አቧራ ይዩ። ጥቂት ፍሬ በፊት ጥርስዎ ይፍጩ፤ አሸዋ ካለ ጥርስ ይነግርዎታል። አፍንጫዎንም ይጠቀሙ፤ የሻገተ ሽታ ያለው ጤፍ ምንም ቢነጣ እንጀራው ይመርራል።

4. ሲመዘን ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መሆኑን ይመልከቱ። የጆንያውን ክብደት ያስቀንሱ።

5. ሳይበጠር አያስፈጩ። የሚያበጥሩ ሴቶች ገበያው አካባቢ ይገኛሉ።

6. ወፍጮ ቤት አብረው ይቁሙ። ከእርስዎ በፊት በርበሬ ወይም በቆሎ ተፈጭቶ ከሆነ ተራዎን ለሌላ ጤፍ አስፈጪ ይልቀቁ። አለዚያ የመጀመሪያው ዱቄት ያቃጥላል ወይም ይቀላቀላል።

7. ዱቄቱ ከወፍጮ ሲወጣ ይሞቃል። ቤት እንደደረሱ ጆንያውን ከፍተው ወይም ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርግተው ያቀዝቅዙ። ትኩሱን ከታሰረ ይጓጉላል፤ ይሻግታል።

እርሾ አይገዛም። ክዳን ያለው ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ይዘው ጠዋት ወደ ጎረቤት ይሂዱ፤ ያፍራሉ እንጂ አይከለከሉም። ሊጡ እዚህ ከአዲስ አበባ ቶሎ ይቦካል፤ ሙቀቱ ነው። «ሦስት ቀን» የሚለውን የእናትዎን ልክ አይከተሉ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ያሽትቱ፣ ውሃው ከላይ መጥለሉን ይዩ። ከኮመጠጠ ላይ ላዩን ውሃ ደፍተው በአዲስ ውሃ ይተኩ። እንጀራው ዓይን ካላወጣ ወይ ምጣዱ አልሞቀም፣ ወይ ሊጡ ወፍሯል፤ መጀመሪያ ምጣዱን ይጠርጥሩ።

በርበሬ የተፈጨውን ከማያውቁት ሰው አይግዙ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ማየት አይችሉም። ዛላውን ይግዙ። ከምዕራብ ጎጃም፣ በተለይ ከቡሬ አካባቢ የሚመጣው ባሕር ዳር ገበያ ላይ በብዛት አለ። አንድ ዛላ ጆሮዎ ጋር ነቅንቀው ፍሬው ከተንኳኳ ደርቋል። አጥፈው ይስበሩት፤ እንደ ቆዳ ከተለጠጠ እርጥብ ነው፤ የሚከፍሉት ለውሃ ነው። ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ፤ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለበት ጆንያውን ሙሉ ይተዉት፤ ሻጋታው ታጥቦም ተቆልቶም መርዙ አይጠፋም።

ባቄላ፣ ሽንብራና ሥጋ ከባሕር ጠለል አጠገብ ከኖሩበት አገር ይልቅ ለመብሰል እዚህ ይቆያሉ፤ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነው። ፕሬዠር ድስት ይግዙ፤ የከሰሉን ዋጋ ይመልሳል።

ደረጃ 7፦ የማእድ ቤት ጥቃቅን

ባለ ሠላሳ ቁራጭ የሳህን ስብስብ አይግዙ። ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ ቡሃቃ፣ ሰፌድ፣ ወንፊት፣ መሶብ፣ ስድስት ሳህንና ስድስት ብርጭቆ ይበቃል። መሶቡን ቀለሙን ሳይሆን ስፌቱን ይዩ፤ ጣትዎ በስፌቱ መካከል ካለፈ ላልቷል። ለመንገድ አገልግል ከፈለጉ ቆዳው በደንብ የለፋና የማይሸት ይምረጡ።

ጀበና ሲገዙ ሻጯን ውሃ አስሞልተው ጥቂት ይጠብቁ። ሥሩ ካወዛ ይመልሱ። አዲሱን ጀበና በአሮጌ የቡና አተላ ሁለት ሦስት ጊዜ አፍልተው ይድፉ፤ የአፈር ጣዕሙ እስኪለቅ እንግዳ አይጥሩበት። ትኩሱን ጀበና ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡ፤ ይሰነጠቃል።

ቤትዎ ውስጥ ዓሣ እንደሚሠሩ አይጠረጠርም፤ ቀረሶም አምባዛም ቅርብ ነው። ለብቻው መክተፊያ ይኑረው። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ይውሰዱ። በጾም ወራት ዓሣ ይወደዳል፤ ቅቤ ደግሞ ይረክሳል። ለፋሲካ የሚሆነውን ቅቤ በዐቢይ ጾም መካከል ገዝተው ያንጥሩ።

ደረጃ 8፦ ፍሪጅ

ፍሪጅ ቆሞ ይጓጓዝ። ተኝቶ ከመጣ ቤት ካቆሙት በኋላ 24 ሰዓት ሳይሰኩት ይቆይ። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት። ያገለገለ ከገዙ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አሠርተው በረዶ ቤቱን ይንኩ፤ በበሩ ላስቲክ መካከል ወረቀት አስገብተው ይሳቡ፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ቅዝቃዜውም እንዲሁ ይወጣል።

መብራት ቢጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ ሥጋውንና ወተቱን ይጠቀሙ፤ ከዚያ በላይ ከቆዩ ይጣሉ።

ደረጃ 9፦ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ሶፋ

አሁን ነው ተራቸው። ቤቱ ውስጥ ወር ያህል ከኖሩ የት ፀሐይ እንደሚገባ፣ የት ዝናብ እንደሚያንጠባጥብ ያውቃሉ።

ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ በሚወጣው በኤም ዲ ኤፍ የተሠራ ቁም ሣጥን ርካሽና ቆንጆ ነው፤ ወለሉ ከረጠበ ግን እግሩ ያብጥና ይፈርሳል። ክረምት ውሃ የሚገባበት ምድር ቤት ከሆነ አይግዙት፤ ከገዙት ከወለሉ በጡብ ከፍ ያድርጉት። በአናጺ ካሠሩ ዋንዛን የሚወዳደር የለም፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው።

1. እንጨቱን ቫርኒሽ ከመቀባቱ በፊት ሄደው ይዩ። ከተቀባ በኋላ ዋንዛና ሌላው አይለይም።

2. እርጥብ እንጨት ከባድ ነው፤ ይሸታል፤ ጥፍር ሲጫኑት ይገባል። እርጥቡ የተሠራ አልጋ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መጋጠሚያው ይላቀቃል።

3. የእንጨቱን ዓይነት፣ ልኩን፣ የሚያልቅበትን ቀንና ዋጋውን በወረቀት ይፈራረሙ። በደረጃ 1 የለኩትን የበር ስፋት እዚያው ያስገቡ፤ አልጋው ተፈትቶ የሚገጣጠም ይሁን።

4. ቀብድ ከግማሽ አይለፍ።

5. በተባለው ቀን ስልክ አይደውሉ፤ ራስዎ ይሂዱ። «ነገ ይደርሳል» በስልክ ይባላል፤ ያልተላገ ጣውላ ፊት ቆሞ ግን ለመናገር ይከብዳል።

ቀሪውን ክፍያ አናጺው ግቢ ድረስ አምጥቶ ሲያወርድ አይስጡ። አልጋው ክፍሉ ውስጥ ተገጣጥሞ፣ ፍራሹ ገብቶበት፣ እርስዎም ላዩ ላይ ተቀምጠው አራቱንም ማዕዘን ነቅንቀው ካልጮኸ ያን ጊዜ ይክፈሉ። ከጮኸ መዶሻው ገና በእጁ ስለሆነ እዚያው ያስተካክለው።